የጉዳት ካሳ ማኅደር የሚዘገየው የት ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ የአንባብያን ገጽ ላይ አንድ የከተማችን ነዋሪ «በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ካሳውን ያለ ደላላ አያገኝም» ሲሉ የጻፉትን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ምሬታቸው ይገባኛል፤ የጻፉት ግን የነገሩን ግማሽ ነው። እኔ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ ለ27 ዓመታት እዚሁ ሐዋሳ በመንግሥትም በግልም መሥሪያ ቤቶች በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል የሠራሁ፣ የብዙ ሰዎችን የጡረታና የጉዳት ማኅደር በእጄ አደራጅቼ የላክሁ፣ ብዙዎቹም «ይሟላ» ተብለው የተመለሱብኝ ሰው ነኝ። ከዚህ ተነሥቼ የምለው አብዛኛው ጥያቄ የሚበላሸው አደጋው በደረሰበት ሳምንት ሳይጻፍ በቀረ ወይም ተሳስቶ በተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት መሆኑን ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነገሩ አስቀድሞ አልቋል። ደላላውም እንጀራ የሚበላው ያ ወረቀት ምን እንደጎደለው በመስኮት በኩል የሚያስረዳ ሰው ስለሌለ ነው።

በቅድሚያ ሰው ሁሉ «ካሳ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራቸውን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ ስለሆነ ብቻ በየወሩ የሚቆረጥለት አጠቃላይ የመንግሥት አበል የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንክብካቤ ሀብት እንዲመድብ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። ገንዘብ የሚገኘው ግን በተለያዩ በሮች ነው። አንደኛው በር አሠሪው ነው፤ ሁለተኛው የጡረታ መዋጮ የሚሰበስበው የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሲሆን፣ እሱም ለመንግሥት ሠራተኞችና ለግል ድርጅቶች ሠራተኞች ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ሦስተኛው በቀበሌና በክፍለ ከተማ በኩል የሚሰጠው የሴፍቲኔት ድጋፍ ነው። በአንዱ በር የሚጠየቀው ማስረጃ በሌላው በር አያሠራም። ይህን ሳያውቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንከራተት ሰው በየደረሰበት «እኛን አይመለከትም» ሲባል ተገፋሁ ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ከሦስቱ በአንዱ እንኳ «እንግዲያው የሚመለከተው ያንን ነው» ብሎ የሚጽፍለት የለምና።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ ልጥቀስ። የጎረቤቴ ልጅ በአንድ የቤትና የቢሮ ዕቃ መሥሪያ ድርጅት አናጢ ነበር። ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ቀኑን እናቱ አይረሱትም፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነበርና ሰፈሩ ቆሻሻውን እያጠነ በጢስ ታፍኖ ሳለ ነው የድርጅቱ ጥበቃ በባጃጅ መጥቶ የጠራቸው። አሠሪው ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጁን ራሳቸው ሐኪም ቤት አድርሰዋል፣ የሕክምናውን ወጪ ሸፍነዋል፣ ለእናቱም «የኔም ልጅ ነው፣ አልጥለውም» ብለዋል። ያላደረጉት አደጋውን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። የሕክምና ወረቀቱም «በማሽን የተቆረጠ» ከማለት በቀር የት ቦታና ምን ሲሠራ እንደተቆረጠ አይናገርም። ደም ለማቆም የሚሯሯጥ ሐኪም ማስረጃ እንዲያደራጅ መጠበቅ አይቻልምና እሱን አልወቅሰውም።

እናትየው በፌስታል የተጠቀለለ ሰማያዊ ማኅደር ይዘው ወደ እኔ ቤት የመጡት ከሰባት ወር በኋላ፣ በሰኔ ነው። ያን ጊዜ የአሠሪው ቃል ቀዝቅዟል፤ የሁለት ወር ደመወዝ ከከፈሉ በኋላ «ሥራ ተቀዛቅዟል» ብለው አቁመዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለዚህ ጊዜ የሚለው ግልጽ ነው፦ በሥራ ላይ ተጎድቶ ሕክምና ላይ ያለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከደመወዙ ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይህ ክፍያ ከጡረታ አይመጣም፣ የጉዳቱን መጠን የሚወስነውን የሕክምና ቦርድም አይጠብቅም፤ የአሠሪው ዕዳ ነው። ብዙ ተጎጂዎች ግን የአሠሪውን ደግነት እንደ ውለታ ስለሚቆጥሩት ቀሪውን መጠየቅ ያፍራሉ፤ የጎረቤቴም ቤተሰብ «ከሰውየው ጋር ላንጣላ» ሲል አምስት ወር አሳልፏል። ለሥራ ክርክር በሕግ የተቀመጠ የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም ካለፈ መጠየቅ የማይቻልበት ቀነ ገደብ እንዳለ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ማኅደሩን ስከፍተው ያየሁትን ዘርዝሬ ብጽፍ አንባቢ ፈጠራ ሊለው ይችላል። የሐኪም ቤቱ ወረቀት የካርቦን ቅጂ ነው። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር 21/11 ብሎ ይጀምርና የዓመቱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። ወረቀቱን የተቀበለው ባለሙያ ይህን «ሐምሌ 21» ብሎ አንብቦታል። ሐምሌ ገና ስላልደረሰ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሐምሌ ነው ብሎ ደመደመ። በዚህ ስሌት ልጁ የታከመው አደጋው ከመድረሱ አራት ወር ገደማ ቀድሞ ነው። ማኅደሩ ላይ በእርሳስ «ቀን አይጣጣምም» ተብሎ ተጽፎ ተመልሷል፤ የትኛው ቀን ከየትኛው ጋር እንዳልተጣጣመ ግን አልተገለጸም። በዚህ ላይ የልጁ አባት ስም በመታወቂያው ላይ በንጉሡ ሠ፣ በቦርዱ ወረቀት ላይ በእሳቱ ሰ ተጽፏል። ሁለቱ አንድ ሰው ስለመሆናቸው ከቀበሌ ማስረጃ አምጡ ተብለው እናትየው ለአንዲት ፊደል ሦስት ቀን ተመላልሰዋል። በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ በበሩ ላይ ቆሞ «እኔ አስጨርስልዎታለሁ» ያላቸው ሰው የጠየቃቸው 2,000 ብር ነበር። እኔ ያደረግሁት ከሐኪም ቤቱ መዝገብ ክፍል ዋናው ካርድ ወጥቶ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎና ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጥ ማመልከቻ መጻፍ ብቻ ነው። ወረቀቱ በአራተኛው ቀን ወጣ፤ ክፍያው የአገልግሎት ብቻ ነበር።

ስለ ሕክምና ቦርድ ያለው ግንዛቤም መስተካከል አለበት። ሰው ሁሉ «ቦርድ ወጣልኝ» ሲል ገንዘብ ተወሰነልኝ ማለቱ ነው። ቦርዱ ግን የሚመልሰው የሕክምና ጥያቄ ነው፤ ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ፣ ዘላቂ ከሆነ ስንት በመቶ ነው፣ ሰውየው መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ይናገራል። አደጋው በሥራ ላይ መድረሱን ቦርዱ አላየምና ሊመሰክር አይችልም፤ ያንን የሚያረጋግጠው የአሠሪው የአደጋ ሪፖርት፣ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው መዝገብና የዓይን ምስክሮች ናቸው። ቦርዱ በተቻለ መጠን አደጋው ከደረሰ በ12 ወራት ውስጥ የጉዳቱን መጠን እንዲወስን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ተደንግጓል። ቁስሉ ሳይጠግ ቦርድ ለመቅረብ መቸኮልም አያዋጣም፤ ዛሬ 15 በመቶ የተባለ እጅ ነገ መገጣጠሚያው ሲደርቅ የተለየ ሊሆን ይችላል። ሁኔታው ከተባባሰ ወይም ምርመራው ስህተት ከነበረበት ደረጃው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ እንደሚቻልም ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን መብት ሲጠቀም ያየሁት ሰው በሥራ ዘመኔ ከአምስት አይበልጥም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙው አለመግባባት ያለው እዚህ ላይ ነውና። አደጋው በደረሰበት ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በሥራ ላይ በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለ ሰው የጉዳት ጡረታ አበል በየወሩ ያገኛል፤ ልኩም የደመወዙ 47 በመቶ ነው። ጉዳቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ መሥራት የሚችል ሰው ግን የሚያገኘው የወር አበል አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ነው። ስሌቱም የደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ፣ የተገኘው እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። ቦርዱ ለጎረቤቴ ልጅ 25 በመቶ ሰጥቶታል፤ «መሥራት ይችላል» የሚል ቃልም አለበት። እናትየው ይህን ቃል እንደ ስድብ ነው የቆጠሩት። «ሁለት ጣት የሌለው አናጢ ምን ይሠራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሕጉ የሚጠይቀው አናጢነቱን ይቀጥላል ወይ ብሎ ሳይሆን በማናቸውም ሥራ ሊተዳደር ይችላል ወይ ብሎ እንደሆነ ነገርኳቸው። ለተጎጂ የሚነገር ከዚህ የከበደ ዓረፍተ ነገር አላውቅም፤ ቢሆንም በጊዜ ቢነገር ይሻላል።

የልጁ ትክክለኛ ደመወዝ 4,000 ብር ነበር። ስሌቱ በዚህ ቢሠራ 47 በመቶው 1,880 ብር፣ በ60 ሲባዛ 112,800 ብር፣ የዚያም 25 በመቶ 28,200 ብር ይሆናል። ድርጅቱ ግን መዋጮውን ሲከፍል የኖረው በ1,800 ብር ነው፤ ቀሪውን «አበል» ብሎ ሠራተኞቹን በሌላ ወረቀት ያስፈርማቸው ነበር። በተመዘገበው ደመወዝ ሲሰላ ዳረጎቱ 12,690 ብር ብቻ ወጣ። ልዩነቱ 15,510 ብር ነው፤ ይህን ገንዘብ የወሰደው በመስኮት ያለው ጸሐፊ አይደለም፣ አደጋው ከመድረሱ ከዓመታት በፊት በደመወዝ መክፈያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ሥርዓት ስለሆነ፣ ደመወዙ ዝቅ ብሎ ሲመዘገብ በወሩ መጨረሻ ሠራተኛውም እጁ ላይ ትንሽ ስለሚተርፈው ደስ ይለዋል፤ የቀረበት የሚታወቀው ማሽኑ ሲይዘው ነው። በየወሩ የሚቆረጥብዎትን ይዩ የምለው ለዚህ ነው፤ የጡረታ መለያ ቁጥር ያለው ሰው መዋጮው በትክክል ገቢ መሆን አለመሆኑን በአካል ሄዶ መጠየቅ መብቱ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አሠሪው ሠራተኛውን በጡረታ ዐቅድ ያላቀፈው ከሆነ፣ ካሳውን የሚከፍለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ራሱ ነው። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ፣ ከፊል ከሆነ ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መጠን ይታሰባል። በ4,000 ብር ደመወዝና በ25 በመቶ ጉዳት ይህ 60,000 ብር ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ዓይነት ማሽን አንድ ዓይነት ጣት አጥተው አንዱ የሌላውን እጥፍ ቢያገኝ፣ ያነሰው ሰው «ገንዘቤን በሉት» ማለቱ አይቀርም። የተለያየ ሕግ እንደገዛቸው ማንም አልነገራቸውም። ልዩነቱ ፍትሐዊ ነው ወይ ብትሉኝ አይደለም እላለሁ፤ ያም ቢሆን የሕግ አውጪው እንጂ የማኅደር መርማሪው ጥፋት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 የቀደሙትን የመንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጆች ስለተኩ፣ ዛሬ የሚያመለክት ሰው የቆየ የጎረቤት ስሌት ይዞ ከመከራከር ይልቅ በአዲሱ አዋጅ እንዴት እንደተሰላለት በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

በሥራ ላይ ሳይሆን በሕመም ምክንያት ከሥራ የሚሰናበት ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። የጤና ጉድለት ጡረታ የሚባለው ይህ ሲሆን፣ በዋናነት የሚለካው በአገልግሎት ዘመን ነው፤ 10 ዓመት የሞላው አበል ያገኛል፣ ያልሞላው በዳረጎት ይሸኛል። ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትን ሰው «ካሳ አለህ» እያሉ በጉዳት መንገድ የሚመሩ ደላሎች አጋጥመውኛል፤ ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ ማኅደሩ ለምን እንደተመለሰ አያስረዱም።

ከከተማችን ሁኔታ ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ ልጨምር። ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች በየቀኑ በሰርቪስ የሚመላለሱ ብዙ ወጣቶች አሉ። ድርጅቱ ባቀረበው ወይም ለሠራተኞቹ በተከራየው ሰርቪስ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል። ሰርቪሱ አምልጧት በራሷ ገንዘብ ባጃጅ የተሳፈረች ልጅ ግን በዚህ ቃል አትሸፈንም። ይህን የምታውቅ የሃያ ዓመት ልጅ ስንት ትኖራለች? የቅጥር ደብዳቤ በሚሰጥበት ቀን አምስት ደቂቃ ወስዶ መንገር የሰው ኃይል ክፍሎች ሥራ ነበር፤ እኔም በዘመኔ ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ስለሆነ ራሴን ነጻ አላወጣም።

በቀበሌ በኩል ያለው ድጋፍ የተለየ ነው። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ነበረች፤ መሥራት የሚችሉት በአካባቢ ልማት ሥራ ላይ ተሠማርተው፣ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት መሥራት የማይችሉት ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። እዚህ የሚታየው የቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ነው። የቦርድ ወረቀት ይዘው «40 በመቶ ተብያለሁ» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች የሚያዝኑት ለዚህ ነው፤ መቶኛው ለዳረጎት እንጂ ለዚህ መለኪያ አልተሠራም። ስም ዝርዝሩ ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ቀርቦ መናገር ከዓመት በኋላ ከማልቀስ ይሻላል።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቶቹን ድርሻ ሳልናገር ባልፍ ያልኩት ሁሉ ተጎጂውን መውቀስ ይመስላል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ያዛል። እኔ ግን በክራንች የሚሄዱ ሰው የጉዳት ማመልከቻ ለማስገባት ሁለት ፎቅ በደረጃ ሲወጡ ከኋላቸው ቆሜ ጠብቄአለሁ። ሲደርሱ የተሰጣቸው መልስ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት ይመለሱ» የሚል ነበር። ከዚህ በላይ የሚጎዳው ግን የቃል መልስ ነው። «ይሟላ»፣ «አይመለከተንም»፣ «ቦርድ ላይ ነው» የሚሉት ቃላት ቀን የላቸውም፣ ፊርማ የላቸውም፣ ይግባኝም አይባልባቸውም። በጡረታ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አቤት የማለት መብት አለው፤ ጉባኤው ግን የሚመረምረው የተጻፈ ውሳኔ ነው። በቃል የተመለሰ ሰው የይግባኝ ቀኑ መቼ እንደጀመረ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ሁሉ በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንደኛው ላይ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፎ ይያዝ፤ መሥሪያ ቤቶቹም ማኅደር ሲመልሱ የጎደለውን በአንድ ወረቀት ዘርዝረው ይስጡ። ለዚህ አዲስ በጀትም አዲስ ሲስተምም አያስፈልግም፤ እርሳሱን አስቀምጦ እስክሪብቶ ማንሳት ይበቃል።

የጎረቤቴ ልጅ 12,690 ብሩን የተቀበለው አደጋው ከደረሰ በ19ኛው ወር ነው። የደመወዙን ልዩነት በተመለከተ ከአሠሪው ጋር በሽማግሌ ተነጋግረው የተወሰነውን አግኝቷል። ዛሬ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ዕቃ ይመዘግባል፤ በግራ እጁ መጻፍ ተለማምዷል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ይህን ደብዳቤ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የሚያነቡት ገጽ ላይ እንድታወጡልኝ እለምናለሁ። ከእነሱ ማስተባበያ ወይም ማብራሪያ ቢመጣም በደስታ አነበዋለሁ፤ ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ያለው እስከሆነ ድረስ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አንድ የቀድሞ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ
ከሐዋሳ